የተፋቀው ስም፦ የገዳም ምስጢርና የቁፋሮ ልቦለድ እንዴት ይጻፋል?

በአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ጀምሮ የመካከለኛው ዘመን ገዳም ምስጢር ውስጥ የሚገባ ልቦለድ ለመጻፍ ላሰበ ሰው የአገራችን ታሪክ ሞልቶ የተረፈ ነው። ገዳሙ ዛሬም ይቀደስበታል። የብራናው መጽሐፍ ዛሬም ይነበባል። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዙት አባትም ዛሬ አሉ፤ በሩን ይከፍቱላችኋል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የሚቸግረው አሠራሩ ነው። ብዙ ጀማሪ በጋለ ስሜት ይነሳና ምዕራፍ ሦስት ላይ ቀጥ ይላል። ምስጢሩ ምን እንደሆነ ራሱም አያውቀውማ። እዚህ አንድ ልቦለድ ከባዶ እየገነባን እንሄዳለን። ገዳሙና ገጸ ባሕርያቱ የፈጠራ ናቸው፤ በዙሪያቸው ያለው ታሪክ ግን የእውነት ነው።

1. ምስጢሩን አሳንሱት

ታቦተ ጽዮንን ተዉት። የላሊበላን ቤተ ክርስቲያናት የቴምፕላር ፈረሰኞች (የአውሮፓ የመስቀል ጦረኞች) ሠሯቸው የሚለውንም ተዉት፤ ድንጋዩን የፈለፈሉትን ሰዎች መስደብ ነው የሚሆነው። ደግሞ አንባቢው ታቦተ ጽዮን የሚል ቃል ሲያይ መጨረሻውን ከወዲሁ ያውቀዋል፤ ወይ አይገኝም፣ ወይ ተገኝቶ አይታይም።

ጥሩ የገዳም ምስጢር ትንሽ ነው። ለዓለም ምንም አይደለም፤ ለአንድ ማኅበር ግን የሞት ሽረት ነው። መሬት ሊሆን ይችላል፣ ሃይማኖት ሊሆን ይችላል፣ የአንድ ሰው ስም ሊሆን ይችላል።

የእኛ ልቦለድ ሦስቱንም ይይዛል። የጥንት ገዳማት ትልልቅ ጉዳያቸውን የሚያሰፍሩት በወንጌሉ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ነበር። ንጉሥ ለገዳሙ የሰጠው መሬት ማለትም ጉልት፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር፣ የገዳሙ መሪ የአበምኔቱ ስም እዚያ ይጻፋል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል እንዲህ ያሉ ማስታወሻዎች አሉት። ሰነዱ ወንጌል ላይ ከሰፈረ ማን ደፍሮ ይሰርዘዋል? ለደፈረ ደግሞ ግዝት አለበት፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን»። የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው።

በእኛ ገዳም ወንጌል ላይ ግን ይህ ግዝት ከመጻፉ ሁለት መስመር በላይ አንድ ስም ተፍቋል። በላዩ ሌላ ስም ተጽፎበታል። ግዝቱን እያየ የፋቀው ማን ነው? ለምን? ልቦለዱ ይኸው ነው።

2. የድሮውን ታሪክ ለራሳችሁ ጻፉት

አንባቢ የማያየው አንድ ገጽ ያስፈልጋችኋል። እዚያ ላይ በዚያ ዘመን በትክክል የሆነውን ነገር ያለምንም ማምታታት ጻፉ። ማን፣ ማንን፣ መቼ፣ በምን ምክንያት።

የእኛው እንዲህ ነው። ዘመኑ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት። በዚያን ጊዜ የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች፣ ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት፣ ለንጉሥ አንሰግድም በማለታቸው ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተጋጩ። ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕልም አይሰግዱም ተብለው ተከሰሱ። ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ አካላቸው ተቆረጠ፣ ተገደሉ። ከእነርሱ የተረፉት የመሠረቱት ጉንዳ ጉንዴ ዛሬም በትግራይ አለ፤ በብራና መጻሕፍቱም የታወቀ ነው።

የእኛ ገዳም አበምኔት ከእነዚህ ስደተኞች ሁለቱን ደብቀው ያሳድራሉ። ወሬው ይወጣል። የንጉሡ ሰዎች ይመጣሉ። ማኅበሩ አንድ ሌሊት ብቻ አለው፦ አባትን አሳልፎ መስጠት ወይም ጉልቱን ማጣት። ገዳሙ አንድነት ገዳም ነው፤ ማዕዱም ሥራውም የጋራ ነው። ጉልቱ ከሄደ ሁሉም ይራባል። አሳልፈው ይሰጧቸዋል። አበምኔቱ በደጃቸው ይገደላሉ። ስማቸው ከወንጌሉ ይፋቃል። ስማቸው ከወንጌሉ ይፋቃል።

ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። የፈራ ሰው ነው ያለው። ጥቁር ካባ የለበሰ ምስጢራዊ ማኅበር ከምታመጡ ይህ በብዙ እጥፍ ይሻላል።

3. ውሸቱን በጥንቃቄ ሥሩት

እውነቱን ካወቃችሁ በኋላ የተሸፈነበትን መንገድ ሥሩ። ሽፋኑ ለማመን የሚቀል፣ ሁሉም ሰው የሚወደው ታሪክ መሆን አለበት።

ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ የኢማም አሕመድ፣ የግራኝ ጦርነት ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ1529 እስከ 1543። ብዙ ቤተ ክርስቲያን ይቃጠላል፤ የእኛውም። ከዚያ በኋላ የመጣ ጸሐፊ ለተገደሉት አባት ገድል ይጽፍላቸዋል፦ በግራኝ ወታደሮች እጅ ተሰየፉ ይላል። አባት በክብር ተመለሱ። ገዳሙ ሰማዕት አገኘ። የገዛ ልጆቻቸው አሳልፈው መስጠታቸው ተረሳ።

ይህ ሽፋን የሚሠራው ማንም የማይጠራጠረው ስለሆነ ነው። በእኛ አገር አንድ ነገር ጠፍቶ ወይም ፈርሶ ከተገኘ ጣት የሚቀሰርበት ሰው የታወቀ ነው። አንባቢያችሁም ጣቱን ይቀስራል። ይቀስር፣ አትከልክሉት።

4. ማስረጃዎቹን ቅበሩ

ብዙ ላብ የሚፈልገው እዚህ ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ማስረጃ አንድ ነገር ብቻ ይናገር፤ ለብቻው ሲታይም ሌላ ንጹሕ ማብራሪያ ይኑረው።

በአፈሩ እንጀምር። ቁፋሮ ማለት ወርቅ ፍለጋ ጉድጓድ መማስ አይደለም። አፈር በንብርብር ይቀመጣል፤ የታችኛው የቀደመ ነው፣ የላይኛው የኋላ። ቆፋሪው በካዙላና በብሩሽ ንብርብሩን አንድ በአንድ ይገፋል፤ ያወጣውን አፈር በወንፊት ያጣራል፤ ፎቶ ያነሳል፣ ይለካል፣ ይጽፋል። በእኛ ልቦለድ የተቃጠለው ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ጥቁር የአመድ ንብርብር አለ። ከበሩ አጠገብ መቃብር ይገኛል። አሁን ጥያቄው አጽሙ ምን ይመስላል አይደለም። ጥያቄው አመዱ ነው። መቃብሩ ሲቆፈር አመዱን ቀድዶ ከወረደ ሰውየው የተቀበረው ከቃጠሎው በኋላ ነው። አመዱ በመቃብሩ ላይ ሳይቀደድ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ከተገኘ ግን ሰውየው ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል አስቀድሞ መሬት ውስጥ ነበር።

ይህን ትዕይንት አታሩጡት። ተመራማሪዋ ተንበርክካ የጉድጓዱን ግድግዳ በካዙላዋ ስለት ታጸዳለች። ውኃ ታርከፈክፍበታለች፤ ቀለሙ እንዲለይ። ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ አፈር። ጥቁሯ መስመር ሦስት ጣት ትሆናለች። ከግራ ትነሳለች፣ በመቃብሩ ላይ ታልፋለች፣ ወደ ቀኝ ትቀጥላለች። የትም አልተቆረጠችም። ረዳቷ «ምነው ዝም አልሽ?» ይላታል። ገድሉ ወድቋል፤ ግን ገና ማንም አላወቀም፤ ምናልባትም አንባቢውም።

ቀጥሎ የዘመን ቁጥር። በወንጌሉ ላይ ያለው ስጦታ «በ87 ዓመተ ምሕረት» ይላል እንበል። የዛሬ ሰው ግራ ይጋባል፤ 87 ዓ.ም. ክርስትና ራሱ እዚህ አልደረሰም። መልሱ በመካከለኛው ዘመን ዓመተ ምሕረት በ532 ዓመት ዑደት ይቆጠር ስለነበር ነው። ከዑደቶቹ አንዱ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይጀምራል። በ87 ላይ 1340 ስትደምሩ 1427 ዓ.ም. ይመጣል፤ ዘርዐ ያዕቆብ ከነገሡ ብዙም ሳይቆይ ማለት ነው። አንዱ ገጸ ባሕርይ ቁጥሩን የጸሐፊ ስሕተት ነው ብሎ ይለፈው። ባሕረ ሐሳብ፣ የዘመን አቆጣጠሩን ስሌት፣ የሚያውቁ አንድ የደብር አለቃ ግን ምሳ እየበሉ በጣታቸው ቆጥረው ይፍቱት።

ቀለሙም ይናገራል፤ ግን ከፊልሞች ያየነውን ሰማያዊ መብራት እንዳለ አታምጡት። የአውሮፓ ገዳማት ይጠቀሙበት የነበረው የብረት ቀለም ብራናውን ሰርስሮ ይገባል፤ ስለዚህ ቢፋቅም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ዱካው ብዙ ጊዜ ይታያል። የእኛ ጥቁር ቀለም ከጥላሸትና ከከሰለ እህል ነው የሚሠራው፤ ከብራናው ላይ ይቀመጣል እንጂ እንደዚያ አይሰርስርም። በደንብ የፋቀ ሰው በደንብ ያጠፋል። ስለዚህ ስሙ ሙሉ በሙሉ አይነበብላችሁ። የሁለት ፊደል ቅሪትና ብራናው በመፋቂያው የሳሳበት ስፋት ይበቃል፦ በላዩ የተጻፈው ስም አምስት ፊደል ነው፣ የተፋቀው ቦታ ግን ለስምንት ይበቃል። እኔ ብሆን ሙሉውን ስም እስከ መጨረሻው ምዕራፍ አላወጣውም።

የፊደሉ አጣጣልም ዘመን ይለያል። የ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እጅና ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የገነነው ጉልሕ ጽሕፈት አይመሳሰሉም። ገድሉ ራሱን የግራኝ ዘመን የዓይን ምስክር ነኝ እያለ በጉልሕ ተጽፎ ከተገኘ አንድ ጥርጣሬ ተገኘ። ግን የኋላ ግልባጭ ሊሆንም ይችላል። እንዲህ ነው ማስረጃ የሚቀበረው።

የካርቦን ምርመራን በተመለከተ ሁለት ነገር አትርሱ። አንደኛ፣ የሚሰጠው አንድ ዓመት ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ የሚል የዘመን ክልል ነው። ሁለተኛ፣ ብራና ሲመረመር የሚታወቀው ፍየሏ የሞተችበት ዘመን ነው፤ ጸሐፊው መቃውን ያነሳበት አይደለም። አሮጌ ብራና ላይ አዲስ ውሸት መጻፍ ይቻላል።

ደግሞ ሳይንሱን ሁልጊዜ አሸናፊ፣ ትውፊቱን ሁልጊዜ ተሸናፊ አታድርጉ። በዓድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል ለረጅም ጊዜ በብዙ ምሁራን ዘንድ የ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። መነኮሳቱ ግን ከተስዓቱ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት፣ የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ ሰው፣ የአባ ገሪማ እጅ ነው እያሉ ቆዩ። ኦክስፎርድ ላይ ብራናው በካርቦን ሲመረመር ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ወዳለው ጊዜ ወረደ። ለመነኮሳቱ ቀረበ ማለት ነው። በልቦለዳችሁ ውስጥም ቢያንስ አንድ ጊዜ አባ ልክ ይሁኑ፣ ዶክተሯ ትሳሳት።

አንድ የማይፈታ ዕቃም ጨምሩ። እ.ኤ.አ. በ1940 ደብረ ዳሞ ላይ ከመቶ በላይ የኩሻን የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተው ነበር፤ ከሰሜን ሕንድና ከአፍጋኒስታን አካባቢ የመጡ፣ ከገዳሙም በመቶ ዓመታት የሚቀድሙ። ማን አመጣቸው? ማን ደበቃቸው? እውነተኛ ቁፋሮ ሁሉን ነገር አይመልስም። የእናንተም አይመልስ።

5. የዛሬውን መርማሪ ሕግ ውስጥ አስገቡት

ማንም ተነስቶ አካፋ ይዞ ገዳም ግቢ አይቆፍርም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ቁፋሮ ፈቃድ ይፈልጋል፤ የተገኘውም ነገር ሪፖርት ይደረጋል። ከቅርስ ባለሥልጣን የተመደበ ሰው ከቡድኑ ጋር ይኖራል። ናሙና ወደ ውጭ ላቦራቶሪ ለመላክም ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን እንደ ቢሮክራሲ ጣጣ አትዝለሉት። የጊዜ ገደብ በነጻ አገኛችሁ ማለት ነው፦ ፈቃዱ ሊያልቅ ነው፣ ክረምቱ እየመጣ ነው፣ ጉድጓዱ ተመልሶ መሸፈን አለበት።

የዛሬ ወንጀል ከፈለጋችሁ ስርቆት አለላችሁ። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ፣ ቤልጂየም ተገኝቶ፣ በ2001 ተመልሷል። እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን መንደሩ እንዴት እንደሚሆን አስቡት፦ ማን ከማን ጋር መነጋገር ያቆማል? ማን ይጠረጠራል?

6. ገዳሙን በሥርዓቱ ግቡበት

መርማሪያችን ሴት ናት። ሆን ብዬ ነው። ደብረ ዳሞ በገመድ ነው የሚወጣው፣ ሴትም አትወጣም። ጣና ላይ እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉት ደሴቶች ሴት አይገባባቸውም። የእኛም ገዳም እንዲሁ ነው እንበል። ፍርስራሹ ከገዳሙ ክልል ውጭ፣ ከታች ነው፤ ትቆፍራለች። ወንጌሉ ከላይ ነው፤ አታየውም። የምታየው ረዳቷ በስልክ ያነሳውን የደበዘዘ ፎቶ ነው። ይህ አንድ ክልከላ ብቻውን ግማሽ ልቦለድ ይጎትታል። እርሷን በወንድ ልብስ ደብቆ ማስገባት ግን ርካሽ ነው።

ማዕረጎቹን አትቀላቅሉ። አበምኔቱ ገዳሙን ይመራሉ፣ መጋቢው ቀለቡን ያስተዳድራል፣ ንዋየ ቅድሳቱ በዕቃ ቤት ኃላፊው እጅ ነው። ገና አመክሮ ላይ ያለ ወጣት ደግሞ ብዙ ያያል፣ ጥቂት ይናገራል፤ ለምስጢር ልቦለድ የተፈጠረ ነው።

ንግግሩንም ስሙ። መነኩሴ አለመፈለጉን እንዴት ይገልጻል? «አልነግርሽም» አይልም። እንዲህ ይሄዳል፦

«ይፍቱኝ አባቴ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ። ታች የምትቆፍሩት ናችሁ?»

«አዎ አባቴ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። በወንጌሉ ላይ ስማቸው የተፋቀው አባት…»

«ጠበል ቀምሰሻል?»

«ገና ነኝ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ጠበል ቅመሽ። ፀሐዩም ከሯል።»

አባ አልዋሹም፣ አልመለሱምም። ስም መፋቁን አለመካዳቸውን ግን ጎበዝ አንባቢ ይይዘዋል።

7. ከዘመኑ ያልሆነውን ልቀሙ

የድሮውን ክፍል ከጻፋችሁ በኋላ በወንፊት አጣሩት። 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ላይ በርበሬ የበዛበት ወጥ የለም። በርበሬ፣ በቆሎ፣ ድንችና ቲማቲም የአሜሪካ ምድር ዕፅዋት ናቸው፤ ገና አልመጡም። መነኮሳቱ ሽሮ ከበሉ አልጫ ይሁን። ቁልቋል በለስም ገና አልመጣም። ቡና አታፍሉላቸው፤ የደጋው ክርስቲያን ቡናን የለመደው ቆይቶ ነው። ከገዳሙ ጀርባ ባሕር ዛፍ አታቁሙ፤ እርሱ የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እንግዳ ነው። ጽድና ወይራ ይበቃችኋል። ጠብመንጃ አይጩህ። ማርትሬዛ ብር አይቆጠር፤ አሞሌ ጨው አለ።

ቋንቋውም ያስቸግራል። መነኮሳቱ የሚጽፉት በግዕዝ ነው። የሚነጋገሩበትን በዛሬ አማርኛ ጻፉት፤ ግን «ችግር የለም» እና «በቃ እሺ» የሚሉ መነኮሳት አትፍጠሩ። እየጠላለፈ የሚጥል የጥንት መሳይ አማርኛም አይጠቅምም።

8. ሁለቱን ዘመናት አሰናስሉ

አንድ ምዕራፍ ዛሬ፣ አንድ ምዕራፍ ድሮ የሚለው የተለመደ አካሄድ ይሠራል፤ እኩል አታድርጉት ብቻ። የድሮው አጭር ይሁን፣ ሁለት ሦስት ገጽ። ዛሬ የተገኘችው ዕቃ በሚቀጥለው የድሮ ምዕራፍ በሕያው ሰው እጅ ትታይ። አጽሙ አጠገብ የተገኘችው የዛገች የብራና መፋቂያ ለምሳሌ፣ በ1427 ዓ.ም. የአንድ ወጣት ጸሐፊ ወገብ ላይ ተንጠልጥላ እናያታለን። የአበምኔቱ ደቀ መዝሙር ነው። ስሙን እንዲፍቅ የታዘዘውም እርሱ ነው። ፍቆ ሲጨርስ መፋቂያውን ከአባቱ ጋር ቀበረው። ይህን ግን በቃል አትናገሩት፤ ዕቃዋን ብቻ ከእጅ ወደ መቃብር አሳልፉት፣ አንባቢው ራሱ ይገጣጥመው።

9. ምርምሩን ከቤት ጀምሩ

በአሜሪካ ሚኒሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሱ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች አሉት። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ያፈሰሱት እነዚህን በመመርመርና በመዘርዘር ነው። ብዙዎቹን በኢንተርኔት ተመዝግባችሁ በነጻ ታያላችሁ። ከመቅደላ የተዘረፉት መጻሕፍት በብዛት ያሉት ብሪቲሽ ላይብረሪ ነው። አዲስ አበባ ላሉ ደግሞ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም አለ። ኅዳጎቹን ተመልከቱ፤ የተፋቀ ስም ለማግኘት ብዙ አትደክሙም።

ረቂቁ ሲያልቅ ለሁለት ሰው ስጡት፦ ቁፋሮ ላይ ለሠራ ሰውና ቅኔ ቤት ለገባ ሰው። የመጀመሪያው አመዱን ያርምላችኋል፣ ሁለተኛው ግዕዙን። ከዚያ በመጨረሻው ገጽ ላይ የትኛው እውነት፣ የትኛው ፈጠራ እንደሆነ በአጭሩ ጻፉ። ለገዳማችሁ የፈጠራ ስም ስጡት፤ መንገዱንም አንባቢ ተከትሎ ሊሄድበት በሚችል መልኩ አትግለጹት። ልቦለድ አንብቦ አካፋ የሚያነሳ ሰው አይጠፋም።